የብራና ምስሎቻችን ሁለተኛ ቤት፤ ከቅጥረ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ስለሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አገለግልበት በነበረው ሰንበት ትምህርት ቤት የሚዲያ ክፍል ሁለት ሃርድ ዲስኮች ነበሩን። አንደኛው ዘወትር የምንሠራበት ነው። ሁለተኛው «ምናልባት ያኛው ቢበላሽ» ብለን ሁሉን የገለበጥንበት ነው። በውስጣቸው ከነበረው ሁሉ የሚበልጠው የደብሩ የድጓ መምህር የነበሩት አረጋዊ መሪጌታ በሁለት ክረምትና በአንድ ዐቢይ ጾም ሲያዜሙ የቀዳነው ድምፅ ነበር። ሁለቱም ዲስኮች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቁም ሣጥን፣ በአንድ ቁልፍ ይጠበቁ ነበር። አንድ ሌሊት ሌባ ቁም ሣጥኑን ሰብሮ ኮምፒውተሩንም ሁለቱንም ዲስኮች ይዞ ሄደ። መሪጌታው ከዚያ አስቀድመው ዐርፈዋል።

እኛ ሁለት ቅጂ ያለን መስሎን ነበር። በሌባው ፊት ግን የነበረን አንድ ብቻ ነው፤ እሳት ቢነሣም፣ የክረምት ጎርፍ ቢገባም፣ ጣሪያው ቢያፈስም እንዲሁ አንድ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ያ ጥፋት በሌሎች አጥቢያዎች እንዳይደገም በማሰብ ነው። ዛሬ ብዙ አድባራትና ገዳማት የብራና መጻሕፍቶቻቸውን ፎቶ ማንሣት፣ የሊቃውንቱን ዜማና ትርጓሜ መቅዳት፣ የበዓላትን ሥርዐት በቪዲዮ ማስቀረት ጀምረዋል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የተሰበሰበው ሁሉ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ለሚዲያ ክፍሉ ወጣቶች ብቻ ይተዋል። ጥያቄው ገንዘብንም፣ ኀላፊነትንም፣ የቅርስ ባለቤትነትንም የሚነካ ስለሆነ ሰበካ ጉባኤውም ምእመናኑም ሊረዱት ይገባል።

ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ በታሪካችን

ነገሩ በስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክን እንመልከት። በጥንት ዘመን በብዙ አገሮች ይነበብ የነበረው ይህ መጽሐፍ በሌላው ዓለም ሙሉ ቅጂው ጠፍቶ በግእዝ ብቻ ተርፏል። ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ይዞ እስኪመለስ ድረስ የምዕራቡ ሊቃውንት የሚያውቁት ከቁርጥራጭ ጥቅሶች ነበር። በቁምራን ዋሻ የተገኙት የአራማይክ ብጥስጣሾችም ቢሆኑ ሙሉውን መጽሐፍ አይሰጡም። መጽሐፉ የተረፈው ሩቅ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ በሌሎች እጅ ስለተገለበጠ ነው።

ተቃራኒውንም ታሪካችን ያሳየናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰቧቸውን መጻሕፍት ከጎንደር አድባራት ሰብስበው በአንድ አምባ ላይ አኖሯቸው። ቦታው ለመጠበቅ የተመቸ ይመስል ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ ግን የተሰበሰቡት መጻሕፍት በአንድ ቀን እጁ ገቡ፤ ዛሬም ወደ 350 የሚሆኑት በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ተበታትነው ቢሆን ኖሮ ሁሉንም በአንድ ዘመቻ መውሰድ ባልተቻለ ነበር። ይህን የምለው ንጉሡን ለመውቀስ አይደለም፤ ጠንካራ ግንብ ለብዙ ቅጂ ምትክ እንደማይሆን ለማሳየት ነው።

ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ነው። መንበረ ፓትርያርክ፣ በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ እና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተባብረው በልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የሚገኙ ወደ 9,000 የሚደርሱ የብራና መጻሕፍትን በፊልም አነሡ። ፊልሙ በአዲስ አበባም በኮሌጅቪልም ተቀመጠ። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፤ ከዚያም የጦርነትና የስደት ዓመታት ተከተሉ። ኮሌጅቪል ያለው ቅጂ ግን ከዚህ ሁሉ ርቆ ስለነበር ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዚያው ተቀምጠው ለብዙ ዓመታት ዝርዝሩን ማዘጋጀት ችለዋል። ዛሬ በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ላይ ጥናት የሚያደርግ ማንም ሰው ከዚያ ቅጂ ተጠቃሚ ነው።

መጀመሪያ መመዘን

ወደ ዘዴዎቹ ከመግባታችን በፊት ያለንን መመዘን ያስፈልጋል። ብዙ አጥቢያዎች «ብዙ ፋይል አለን» ይላሉ እንጂ ስንት እንደሆነ አያውቁም፤ መጠኑ ሳይታወቅ ደግሞ ዘዴ መምረጥ አይቻልም።

እስቲ አንድ መካከለኛ ደብር እናስብ። ባለ 150 ቅጠል ብራና 300 ገጽ አለው። እያንዳንዱ ገጽ በጥሩ ካሜራ፣ ካሜራው ባነሣው ጥሬ ምስል ቢቀመጥ 30 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። እንግዲህ አንዱ መጽሐፍ 9 ጊጋባይት ይሆናል፤ 200 መጻሕፍት ያሉት ዕቃ ቤት ደግሞ 1.8 ቴራባይት። ያልተጨመቀ የድምፅ ቅጂ ለአንድ ሰዓት ወደ 635 ሜጋባይት ስለሚይዝ 500 ሰዓት ዜማና ትርጓሜ 0.3 ቴራባይት ገደማ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ቪዲዮ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀዳ የ4ኬ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። የጥምቀት፣ የመስቀልና የንግሥ በዓላት ቀረጻ 100 ሰዓት ቢደርስ 4.5 ቴራባይት ሆነ። ሲደመር 6.6፣ ለመጠባበቂያም ትንሽ ጨምረን 7 ቴራባይት እንበለው።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር ልብ ይሏል። የማይተኩት የብራና ምስሎችና የሊቃውንቱ ድምፅ በአንድነት 2.1 ቴራባይት ብቻ ናቸው። የቀረው ሁለት ሦስተኛ የበዓል ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ዋጋ የለውም አልልም፤ ነገር ግን የዘንድሮው ጥምቀት ቀረጻ ቢጠፋ በዓሉ በሚመጣው ዓመት ይከበራል፣ ከምእመናንም እጅ ሌላ ቀረጻ ይገኛል። የተቃጠለ ብራና ምስል ወይም ያረፈ መምህር ድምፅ ግን ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ያለንን በሁለት ክፍል መድበን ለመጀመሪያው ክፍል ብርቱ ጥበቃ፣ ለሁለተኛው ቀለል ያለ ማድረግ ወጪውንም ድካሙንም ይቀንሳል። በእኔ አስተያየት አብዛኞቹ አጥቢያዎች «አቅም የለንም» ብለው ሥራውን የሚተዉት ይህን ክፍፍል ስለማያደርጉ ነው።

በሙያው ዘንድ የታወቀ አንድ ደንብ አለ፤ ፒተር ክሮግ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው ነው። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁን፣ ከሦስቱም አንዱ ከግቢው ውጭ ይቀመጥ ይላል። የጎደለን ብዙ ጊዜ ይህ ሦስተኛው ነው።

በኢንተርኔት ወይስ በአውቶቡስ

ከግቢ ውጭ ቅጂ ሲባል የብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ ሐሳብ ክላውድ ነው፤ ማለትም በኢንተርኔት አማካይነት በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን አስቀድሞ የመንገዱን ስፋት መለካት ያሻል። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። በተጨማሪም ብዙውን ጊዜ የሚነገረን የማውረጃው ፍጥነት ሲሆን ለእኛ ሥራ የሚያስፈልገው የመጫኛው ነው። በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚጭን መስመር ያለ ማቋረጥ ቀንና ሌሊት ቢሠራ 1 ቴራባይት ለመጫን ከ9 ቀን በላይ ይፈጅበታል። 7 ቴራባይቱ 65 ቀን ይፈልጋል። መብራት በጠፋ፣ መስመር በተቋረጠ ቁጥርም ይረዝማል። የማይተካው 2.1 ቴራባይት ብቻ ከሆነ ግን 20 ቀን ገደማ ነው፤ ይህ የሚቻል ነው።

አሁን ከዲስኩ ጋር እናነጻጽር። በሰከንድ 120 ሜጋባይት የሚጽፍ ተራ ሃርድ ዲስክ 7 ቴራባይቱን በ16 ሰዓት ገደማ ይገለብጣል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እንግዲህ በአንድ አገልጋይ ቦርሳ የተላከው ዲስክ ከኢንተርኔቱ ሁለት ወር ቀድሞ ይደርሳል ማለት ነው። ይህ እንደ ቀልድ ቢመስልም ታላላቅ ድርጅቶችም ብዙ መረጃ ሲያዛውሩ ዲስክ በመኪና ይልካሉ።

ስለዚህ ለአብዛኛው አጥቢያ ቀዳሚ አድርጌ የምመክረው ዘዴ እጅግ ተራ የሆነውን ነው፤ ሁለት ዲስክ ገዝቶ ማፈራረቅ። አንዱ በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ወይም በእኅት ደብር ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ሌላው እኛ ዘንድ ሆኖ አዲሱ ሥራ ይገለበጥበታል። ቀኑ ሲደርስ የታደሰው ይሄዳል፣ የቆየው ይመለሳል። ሁለቱ በመንገድ ላይ አብረው እንዳይገኙ መጠንቀቅ ይገባል፤ አዲሱ ከደረሰ በኋላ ነው አሮጌው የሚነሣው። ቀኑ እንዳይረሳ ከበዓል ጋር ማያያዝ ይረዳል። እኛ ዛሬ የምናፈራርቀው በየሦስት ወሩ በ12፣ በቅዱስ ሚካኤል ወርኃዊ በዓል ነው። «በየሦስት ወሩ» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ኖሮ አንድ ዓመት ሳይሞላው ይረሳ ነበር።

የዲስኩ ድካም ደግሞ ይህ ነው፤ የሚንቀሳቀስ አካል ስላለው ይበላሻል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮች የሚያሠራው ባክብሌዝ የተባለ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ካሉት ዲስኮች 1.70 በመቶው በዓመቱ እንደተበላሹ አሳውቋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የእነርሱ ዲስክ በተመጠነ ሙቀት፣ ሳይነቃነቅ የሚሠራ ነው። የእኛው በአውቶቡስ ይሄዳል፤ አቧራና የመብራት መዋዠቅ ያገኘዋል። በወፍራም ስፖንጅ በተሸፈነ ሣጥን ይጓዝ፣ አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላውም ገና ሳይሞት በአዲስ ይተካ። ፍላሽ ዲስክንና ኤስኤስዲን ግን ለዓመታት ሳይሰካ ለሚቀመጥ ቅጂ አልመክርም፤ ኃይል ሳያገኙ ሲቆዩ የያዙት ቀስ በቀስ ሊጠፋ ይችላል።

ገመድ እንጂ እጅ የማያስፈልገው ዘዴም አለ። ሁለት አድባራት ተስማምተው እያንዳንዳቸው ባለ ብዙ ዲስክ አነስተኛ ማከማቻ ሰርቨር ይገዛሉ፤ የአንዱ አዲስ ሥራ ሌሊት ሌሊት በኢንተርኔት ወደ ሌላው ይሄዳል። የመጀመሪያውን ትልቅ ቅጂ ሁለቱን መሣሪያዎች ጎን ለጎን አድርጎ መገልበጥና ከዚያ አንዱን ወደ ቦታው መውሰድ ይገባል፤ አለዚያ ያው የ65 ቀኑ መንገድ ይገጥመናል። ከዚያ በኋላ በወር የሚጨመረው 20 ጊጋባይት ቢሆን በ10 ሜጋቢት መስመር ከአራት ሰዓት ተኩል አይበልጥም። በሁለቱም በኩል መሣሪያውን የሚከታተል ሰውና መብራት ሲጠፋ የሚደግፍ ባትሪ ካለ እጅግ መልካም ነው። ካለ ነው ታዲያ። ባለሙያው ወደ ሌላ አገር ሲሄድ አቧራ የሚጠጣ ሰርቨር አይቻለሁ።

የክላውድ ዋጋና የማይነገሩ ወጪዎቹ

ክላውድ ከሁሉም የሚበልጥበት ነገር ርቀቱ ነው። በአንድ አካባቢ ጦርነት ቢነሣ፣ ዕቃ ቤቱም እኅት ደብሩም አብረው ቢጎዱ ሌላ አህጉር ያለው ቅጂ ይተርፋል። በቅርብ ዓመታት በአገራችን የደረሰውን ላየ ሰው ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። ሆኖም በእነዚያው ዓመታት በትግራይም በዐማራም ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። ክላውድን ብቻ የታመነ ደብር በዚያ ጊዜ አዲስ ሥራውን መላክም የቀደመውን ማውጣትም አይችልም ነበር።

ዋጋው በሁለት መልክ ነው። አንዳንዱ ማስቀመጫ ርካሽ ሆኖ ማውጣቱ ውድ ነው። የአማዞን ግሌሲየር ዲፕ አርካይቭ የተባለው አገልግሎት ለ1 ቴራባይት በወር 1 ዶላር ገደማ ይጠይቃል። ለ2.1 ቴራባይታችን በወር 2 ዶላር ቢሆን ነው፤ ከአንድ ጧፍ እሽግ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን የተቀመጠውን ለማግኘት ትእዛዝ ሰጥቶ እንደ አወጣጡ 12 ወይም 48 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። በኢንተርኔት ሲወርድም ለእያንዳንዱ ጊጋባይት 9 ሳንቲም ያህል ስለሚከፈል ሁሉን አንድ ጊዜ ለማውረድ ወደ 180 ዶላር ይደርሳል። ከ180 ቀን በፊት የተሰረዘም ቢሆን የ180 ቀን ይከፈልበታል። ሌላው ዓይነት እንደ ባክብሌዝ ቢቱ ያለ ነው፤ ድርጅቱ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዋጋ ለ1 ቴራባይት በወር 6 ዶላር ነው፤ በተለመደው መጠን ማውረድ ግን ነፃ ነው። ለእኛ በዓመት 150 ዶላር ገደማ ይሆናል። ዋጋዎቹ ስለሚለዋወጡ ከመወሰን በፊት ማጣራት ያሻል። የአመራረጡ መንገድ ግን አይለወጥም፤ ዲስክ እኛው ጋር ካለና ክላውዱ «ሁሉ ቢጠፋ» ለሚባለው ቀን ብቻ ከሆነ ርካሹ ይበቃል። በየጊዜው የሚከፈት ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል።

በአገር ቤት ላለ አጥቢያ ትልቁ እንቅፋት ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ነው። የተለመደው መፍትሔ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር የደብሩ ልጅ በራሱ ካርድ እንዲከፍል ማድረግ ነው። በጎ አገልግሎት ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሒሳቡ በግለሰቡ ስምና ኢሜይል ከተከፈተ ቅርሱ በሕግ ፊት የማን ነው? ካርዱ ጊዜው ቢያልፍ፣ ሰውየው ቢታመም ወይም ቢዘነጋ ድርጅቱ ማስጠንቀቂያ የሚልከው ለእርሱ ብቻ ነው፤ ክፍያው ለተወሰነ ጊዜ ከተቋረጠም ፋይሎቹ ይሰረዛሉ። ስለዚህ ሒሳቡ በአጥቢያው ኢሜይል ይከፈት፣ የይለፍ ቃሉ በሰበካ ጉባኤው እጅም ይኑር፣ ከፋዩ ከፋይ ብቻ ይሁን። በስደት ባሉ አጥቢያዎቻችን ደግሞ ነገሩ ይቀላል፤ በውጭ ያለ አንድ ደብር በአገር ቤት ላለ ገዳም የሩቅ ቅጂ ጠባቂ ሊሆን ይችላል፤ ክፍያውም በደብሩ በጀት ይያዛል።

ክላውድም ቢሆን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር መሆኑን መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የደረሰው አሳይቷል። የኦቪኤች ድርጅት ባለ አምስት ፎቅ የመረጃ ማእከል በእሳት ወድሟል። መጠባበቂያ ቅጂያቸው በዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። የእኛን ቁም ሣጥን ታሪክ ያስታውሳል።

«ቴሌግራም ላይ ጭነነዋል»

ይህን መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልኩት ያሳንሰዋል፤ በፋይል ቢላክም ያለ ክፍያ ከ2 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ቻናሉን የከፈተው ሰው ስልኩን ቢያጣ ነገሩ ሁሉ ይወሳሰባል። ዩቲዩብም የጫንነውን ቪዲዮ ጨምቆ ስለሚያስቀምጥ መልሰን የምናወርደው ያው የመጀመሪያው አይደለም። እነዚህ የማዳረሻ መንገዶች ናቸው፤ ለማስቀመጫነት አልተሠሩም።

ጉግል ድራይቭና የመሰሉት ሲንክ የሚያደርጉ አገልግሎቶችም እንዲሁ ያታልላሉ። በዚህ ኮምፒውተር የተሰረዘ በዚያም ይሰረዛል። በድራይቭ የተጣለው ፋይል በ30 ቀን ውስጥ ካልተመለሰ ለዘለዓለም ይሄዳል። ፋይሎችን በምስጢር ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር የተባለው ቫይረስ ሲገባም ከኮምፒውተሩ ጋር የተሰካውን ሁሉ ያዳርሳል። ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሌላ ቤት የተቀመጠው ዲስክ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ስለ መግነጢሳዊ ካሴትም የሚጠይቁኝ አሉ። ኤልቲኦ 9 የተባለው ትውልድ በአንድ ካሴት 18 ቴራባይት ይይዛል፤ ለሠላሳ ዓመት ያህል እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ ነው። ካሴቱ ርካሽ ቢሆንም የሚያነብበው መሣሪያ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ለአንድ ደብር አይመከርም፤ የብዙ አህጉረ ስብከትን ሥራ በአንድነት ለሚይዝ ማእከል ግን ከዲስክ ይመረጣል። ረጅም ዕድሜ ያለው ኤም ዲስክ የሚባለው ሲዲ መሰል ሳሕንም ትልቁ 100 ጊጋባይት ብቻ ስለሚይዝ ለ2.1 ቴራባይት 21 ሳሕን ይፈልጋል። ከሁሉ ለተመረጡ ጥቂት መጻሕፍት ቢሆን እንጂ ለሁሉ አይደርስም።

ቁልፍ፣ እርማት፣ ባለቤት

ከግቢ የወጣ ቅጂ በሌላ እጅ ያለ ቅጂ ነው። የብራና ምስል ብቻውን ከመሰረቅ ይልቅ መጽሐፉ የት ዕቃ ቤት፣ በምን መደርደሪያ እንዳለ የሚናገረው ዝርዝር ለቅርስ ሌባ ይበልጥ ይጠቅማል። ስለዚህ ዲስኩም ወደ ክላውድ የሚላከውም አስቀድሞ በይለፍ ቃል ይመስጠር፤ ለዚህ ቬራክሪፕትን የመሰለ ነፃ መሣሪያ አለ። የተመሰጠረ ነገር የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ማንም አይከፍተውም፤ ድርጅቱም፣ የሠራው ባለሙያም። ቃሉ በወረቀት ተጽፎ በታሸገ ፖስታ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ ለምሳሌ አንዱ ከደብሩ አስተዳዳሪ ዘንድ ሌላው በሀገረ ስብከቱ። አንድ ዲያቆን በቃሉ ይዞት መኖሩ አይበቃም፤ ዲያቆናትም እንሞታለን።

ፋይል ሳይታይ ሊበላሽም ይችላል። ስሙ አለ፣ መጠኑም አለ፣ ሲከፈት ግን ግማሹ ግራጫ ነው። ይህን ለመያዝ እያንዳንዱ ፋይል የራሱ አሻራ ይወጣለታል፤ ኤስኤችኤ 256 የተባለው ስሌት ከማንኛውም ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ያለው አሻራ ያወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ይለወጣል። ዲስኩ ሲመለስ አሻራውን ከቀድሞው ዝርዝር ጋር ማስተያየት የኮምፒውተሩ ሥራ ነው። ጸሐፊው ብራናውን ጽፎ ሲጨርስ ሁለተኛ ሰው ከእናቱ ቅጂ ጋር እያስተያየ ያርመው እንደነበረው ማለት ነው። እርማት ያልተደረገበትን መጽሐፍ አባቶቻችን ለመቅደስ አያቀርቡም ነበር።

ከአሻራውም ጋር በዓመት አንድ ቀን ከሩቁ ቅጂ ብቻ ተነሥቶ ጥቂት ፋይሎችን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው ዘወትር የሚሠራው ሰው ባይሆን ይመረጣል። የመጀመሪያውን ዓመት ሙከራ ያደረገችው በሚዲያ ክፍሉ ገና ሁለት ወር የቆየች እኅታችን ነበረች። የተጻፈውን መመሪያ ይዛ ጀመረች፤ ግማሽ ቀን ፈጀባት። የይለፍ ቃሉ ፖስታ የት እንዳለ መመሪያው አይናገርም ነበርና በዚያው ዕለት አንድ መሥመር ጨመርንበት።

ወጪው በጠቅላላው ሲታይ ለጀማሪ አጥቢያ ሁለት ባለ 8 ቴራባይት ዲስክና፣ የማይተካውን ክፍል የሚይዝ ርካሽ ክላውድ ነው። ክላውዱ ለጊዜው ባይቻል ዲስኮቹ ብቻቸውን ይጀመሩ፤ ከዚያ ይልቅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቅጂውን የሚቀበለው እኅት ደብር በደብዳቤ መስማማቱ፣ ሰበካ ጉባኤውም ጉዳዩን በቃለ ጉባኤ መያዙ ነው። በደብዳቤው ውስጥ ዲስኩ አደራ እንጂ ስጦታ እንዳልሆነ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንደማይከፈትና እንደማይገለበጥ፣ ማን ሊረከብ ማን ሊያስረክብ እንደሚችል ይጻፍ። እኛ የጻፍነው አንድ ገጽ አይሞላም። ዲስኩ አሁን ያለው ከከተማው ማዶ በአንድ ደብር ዕቃ ቤት፣ ከንዋየ ቅድሳቱ ሣጥን ጎን ነው። በውስጡ የመሪጌታው ድምፅ የለም። የእርሳቸው ደቀ መዝሙር የነበሩት የአሁኑ መምህር ከመስከረም ጀምሮ እየቀዱልን ያለው ዜማ ግን አለ።